የጀመዓ ሚኒባስ፣ የመድን ድርጅትና የሐጂ ፌስታል

ቢስሚላህ። 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጁሙዓ በኋላ ወጣቶች ከሚያነሱልን ጥያቄዎች አንዱ እየተደጋገመ መጥቷል። ባጃጅ ገዝተው የሚሠሩ፣ ሚኒባስ በማኅበር የያዙ፣ ከወረታ ሩዝ ጭነው በአይሱዙ የሚያመላልሱ ልጆች ናቸው የሚጠይቁን። «ኢንሹራንስ ሲቀበል ፈጣን ነው፣ ሲከፍል ግን አይገኝም። ታዲያ አንድ ቀን እጃችን ላይ ሲወድቅ የቻልነውን ያህል ብንቀበለው ምን ክፋት አለው?» ይላሉ።

በዚህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ «ሐቃችንን እንዴት እናስከብር?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የተበደለ ሰው ቢዋሽ ይፈቀድለታል ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱንም እኛ ራሳችን ሰባት ወር ሙሉ ስንመላለስባቸው ስለቆየን፣ ያየነውን በዝርዝር ልንጽፍላችሁ ወደድን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሡን።

መኪናዋ የማን ናት?

ሚኒባሷ የጀመዓ ናት። ጀናዛ ታደርሳለች፣ ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ትወስዳለች። በቀረው ጊዜ ከወረታ ባሕር ዳር ተሳፋሪ እየጫነች የመድረሳውን ኡስታዞች ደመወዝ ትሸፍናለች። የተገዛችው በመዋጮ ነው። የሩዝ ነጋዴው በአሥር ሺዎች አውጥቷል፣ እንጀራ ጋግራ የምታድር እናትም ሃምሳ ብር ጠቅልላ ሰጥታለች። ስለዚህ ስለዚች መኪና ስናወራ ስለ ብረት ብቻ አናወራም፣ ስለ አማና ነው የምናወራው።

እኛ ከኢማማችን ሥር ሆነን መስጂዱን የምናገለግል ነን። የመኪናዋን ጉዳይ ከገንዘብ ያዣችን ከሐጂ ጋር እንድንከታተል ሹራው የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋው የደረሰው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። ወረታን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር፣ ጋይንትና ወልድያ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚታጨድበትና የሚወቃበት ጊዜ ስለሆነ አስፋልቱ ጆንያ በጫኑ መኪኖች፣ በጋሪና በባጃጅ ይጨናነቃል። ሚኒባሳችን ከባሕር ዳር ስትመለስ፣ የጉማራን ድልድይ አልፋ ጥቂት እንደሄደች፣ ከፊት ለፊት ሩዝ የጫነ አይሱዙ ጋሪ ለመቅደም ወጥቶ መስመሯ ውስጥ ገባ። ሾፌራችን ወደ ቀኝ ጥግ ያዘ፣ ግን አላመለጠም። የግራ ፊቷ ተጨፈለቀ፣ ከመንገድ ወጥታ የሩዝ ማሳ ውስጥ ቆመች። የሾፌሩ ግራ እግር ተሰበረ፣ ሁለት ተሳፋሪዎች ቀለል ያለ ጉዳት ደረሰባቸው። የሞተ የለም። አልሐምዱሊላህ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት

ከዚህ ሁሉ መከራ መጀመሪያ መናገር የምንፈልገው ስለ ሾፌራችን ነው። እግሩ ተሰብሮ እያቃሰተ እንኳ «ትራፊክ ሳይመጣ መኪኖቹን እንዳታንቀሳቅሷቸው» ይል ነበር። መንገድ ተዘጋ ብለው የሚጮኹ ብዙ ነበሩ። እሱ ግን አጥብቆ ያዘ፣ አብሮት የነበረ አንድ ተማሪም የጎማውን ምልክት፣ የሁለቱን መኪኖች አቋምና ታርጋ በስልኩ ከአራት አቅጣጫ አነሳ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2084 መሠረት ሁለት መኪኖች ሲጋጩ፣ መነሻው «ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ አድርገዋል» የሚል ግምት ነው፤ ባለቤቶቹም ጠቅላላ ጉዳቱን ግማሽ በግማሽ ይሸከማሉ። ይህ ግምት የሚነሳው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንዱ ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። የሚያረጋግጠው ደግሞ ያ ፕላንና የትራፊኩ ሪፖርት ነው። መኪኖቹ ቀድመው ቢነሱ ኖሮ እውነታችን በሜዳ ላይ ይቀር ነበር።

ለመድን ድርጅቱ በዚያው ምሽት በስልክ ነገርን። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ደብዳቤ ጽፈን ባሕር ዳር ቅርንጫፉ ድረስ ወሰድን። ሐጂ ደብዳቤውን ሰጥተው ዝም ብለው አልወጡም፣ ቅጂው ላይ «ተቀብለናል» የሚል ማኅተምና ቀን አስመቱበት። የንግድ ሕጋችን መድን ገቢው አደጋውን ባወቀ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ይላል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካላገደው በቀር። መንገድ በሚዘጋበት፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት በዚህ ዘመን አምስት ቀን አጭር ነው። ስለዚህ ስልክም፣ ደብዳቤም፣ በሰው እጅ መላክም፣ የተገኘውን ሁሉ መጠቀም ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ

በሳምንቱ የአይሱዙው ባለቤት ሽማግሌ ላከብን። ከእነሱም ከእኛም ሃይማኖት የተውጣጡ የተከበሩ አባቶች ነበሩ። ቡና ተፈላ፣ ይቅርታ ተጠየቀ። በመጨረሻ አንድ ወረቀት አወጡ። «ተስማምተናል፣ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ካሳ አንጠይቅም» የሚል ነው። ከወጣቶቻችን መካከል «ይቅር ማለት ከተገባ እንፈርም፣ እኛ ኢንሹራንስ አለን» ያሉ ነበሩ።

ኢማማችን መለሱ። «አባቶቼ፣ ለልጁ አውፍ ብለናል፣ ቂም የለንም። ይህን ወረቀት ግን አንፈርምም። ገንዘቡ የእኔ ቢሆን እተወው ነበር። የጀመዓው ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ላይ ቸር መሆን ቸርነት አይባልም» አሉ። ሽማግሌዎቹም ነገሩ ገብቷቸው መርቀው ተነሱ።

ከሃይማኖቱ በተጨማሪ ሕጉም እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። መድን ድርጅት ካሳ ሲከፍላችሁ፣ በከፈለው ልክ እናንተን ተክቶ ጥፋተኛውን የመጠየቅ መብት ያገኛል። እናንተ ቀድማችሁ «አንጠይቅም» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ያንን መብት ዘጋችሁበት ማለት ነው፤ እሱም «እኔም አልከፍልም» የሚልበት ምክንያት ያገኛል። በአገራችን ሽምግልና ክቡር ነገር ነው። ዕርቅ አውርዱ፣ ተቃቀፉ፣ ቡና ጠጡ። የንብረት መብት የሚያስቀር ወረቀት ላይ ግን መድን ድርጅታችሁ ሳያውቅ አትፈርሙ።

«ታዲያ ለምን በአይሱዙው ሦስተኛ ወገን ብቻ አልጨረሳችሁትም?» የሚል ይኖራል። ሦስተኛ ወገን በሕግ የግድ ነው፣ ያለ እሱ ማንም ተሽከርካሪ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። ሚሊዮን በሚያወጣ መኪና ላይ ይህ የት ይደርሳል? እኛ ወደ ራሳችን ሙሉ ኢንሹራንስ የሄድነው ለዚህ ነው።

ስድሳ በመቶ

መኪናዋ ተጎትታ ባሕር ዳር ገባች። የድርጅቱ መርማሪ አያት፣ ጋራዦች ተወዳደሩ፣ ባትላሜራውም፣ ኮፈኑም፣ ክሩስኮቱም፣ ስፖርቴሎውም፣ ራዲያተሩም ተደምሮ ያሸነፈው ጋራዥ 900,000 ብር አለ። ደስ አለን። በታኅሣሥ መጨረሻ ግን ከካሳ ክፍሉ ደብዳቤ መጣ። የሚከፈለን 540,000 ብር ነው፣ ከዚያም ላይ ከራሳችን የሚቆረጠው ኤክሰስ ይቀነሳል ይላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው፣ ልብ ብላችሁ ያዙት፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነውና። «መኪናችሁ በገበያ 2,000,000 ብር ታወጣለች። መድን የገባችሁት ግን በ1,200,000 ነው። ስለዚህ የመኪናዋን 60 በመቶ ብቻ ነው ዋስትና የሰጠናችሁ፣ 40 በመቶውን ራሳችሁ ለራሳችሁ ዋስ ሆናችኋል። ከጥገናውም የምንከፍለው 60 በመቶ ነው።» በመድን ሰዎች ቋንቋ «አቨሬጅ» ይሉታል፣ በሕጋችንም ያለ ነገር ነው።

ይህ ጉዳይ በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብዙዎችን ቤት አንኳኩቷል። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 አለፈ። የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ አብሮ ዘለለ። ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ሰው ካላስቀየረው በቀር እዚያው ቁጭ ይላል። ባለ መኪናው አረቦኑን በሰዓቱ ከፍሎ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ተኝቶ፣ በማያውቀው መንገድ ግማሹ ዋስትና ከእጁ ወጥቷል።

የመካኒኩ ምክር

ደብዳቤውን ይዘን ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ አንብቦ ሳቀ። «ይቺ ቀላል ናት። እኔ ሌላ ፕሮፎርማ እጽፍላችኋለሁ። 1,500,000 ብለን እናስገባ። የእሱ 60 በመቶ ሲሰላ 900,000 ይመጣል። ልክ የሚገባችሁን አገኛችሁ፣ ማንንም አልበላችሁም። መርማሪውን እኔ አናግረዋለሁ» አለን።

እውነቱን እንናገር፣ ነገሩ ልብ የሚያማልል ነው። ለራሳችን አንድ ብር አንወስድም። ትርፍ አንጠይቅም። የመድረሳው ልጆች ኡስታዝ ሳይከፈለው ሁለት ወር ሆኖታል፣ ጀናዛም በጋሪ መሄድ ጀምሯል። አንድ ወጣት ወንድማችን በሹራው ላይ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ሼኻችን፣ እነሱ እኮ በስሌት ነው የበሉን። እኛም በስሌት ብንመልስ ምንድነው? ደግሞስ ውሉ ራሱ ገረር አለበት ትሉን የለ? ከማይፈቀድ ውል ላይ ሐቅን ማውጣት ስርቆት ይባላል?»

ኢማማችን ወዲያው አልቆጡትም። «ልጄ፣ ጥያቄህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው» አሉት። ቀጥለውም፣ «ሐቅ ካለን ወረቀት አለው። ወረቀት ከሌለው ደግሞ በውሸት ወረቀት ሐቅ አይሆንም። መካኒኩ 1,500,000 ብሎ ሲጽፍ ምስክርነት ነው የሚሰጠው። አይቻለሁ፣ ለክቻለሁ፣ ይህን ያህል ይፈጃል እያለ ነው። አላየም። እኛ ያንን ይዘን ስንገባ እኛም መሰከርን። ከሚህራብ ፊት ቆመን ሰው ስለ ምስክርነት እያስተማርን ይህን እንዴት እናደርጋለን?» አሉ።

ሐጂ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። በመጨረሻ «ቆይ፣ የነሐሴውን ወረቀት አዩት ወይ?» አሉ።

የሐጂ ፌስታል

ሐጂ ወረቀት አይጥሉም። የነዳጅ ደረሰኝ፣ የቦሎ፣ የጎማ፣ ሁሉንም በዓመት በዓመት አሥረው በትልቅ ፌስታል ያስቀምጣሉ። ልጆች ይስቁባቸዋል። እሳቸው ግን «በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን ነው?» ብለው ይጠይቋቸዋል። ስለ ሶላት አይደለም፣ ስለ ጀነትም አይደለም። ስለ ብድር ነው፤ ጻፉት፣ ጸሐፊም በትክክል ይጻፍ፣ ምስክርም ይኑር ስለሚለው ጉዳይ ነው። «አላህ ይህን ያህል ቦታ የሰጠውን ነገር እኔ እጥላለሁ?» ይላሉ።

ከፌስታሉ የወጣው ወረቀት የነሐሴ 2016 ነው። ውሉን ሲያሳድሱ ሐጂ የመኪና ዋጋ መዝለሉን ሰምተው ስለነበር፣ የዋስትናውን መጠን ወደ 2,000,000 ብር አስቀይረው፣ ተጨማሪውን አረቦን ከፍለው፣ የውል ማሻሻያውን (እነሱ ኢንዶርስመንት የሚሉትን) በማኅተም ተቀብለዋል። ደረሰኙም ተያይዞበታል። ከካሳ ክፍሉ ፋይል ውስጥ የነበረው ግን የድሮው ውል ብቻ ነው።

በማግስቱ ባሕር ዳር ሄድን። የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ኮምፒውተሯን አየች፣ የደረሰኙን ቁጥር አመሳከረች። «ሐጂ፣ ይህ ከፋይሉ ጋር አልነበረም። ትክክል ነዎት፣ ስልሳ በመቶው ይነሳል» አለች። ያ ሁሉ ክርክር በአንድ ገጽ ወረቀት አለቀ። በሳምንቱ የተስተካከለ ደብዳቤ ደረሰን።

እስቲ አሁን ቆም ብለን እናስብ። የመካኒኩን ወረቀት አስገብተን ቢሆን ኖሮስ? ስልሳ በመቶው ሲነሳ በእጃችን የሚቀረው የ1,500,000 ብር ጥያቄ ነው። «ሐቃችንን ለማካካስ» ያልነው ውሸት በአንድ ቀን የ600,000 ብር ሌብነት ይሆን ነበር። «ይቅርታ፣ ያኔ የተቆረጠብን መስሎን ነው የጨመርነው» ብለን መመለስም አንችልም። የመድን ውሎች በሐሰት የቀረበ ጥያቄ መብትን በሙሉ እንደሚያሳጣ በግልጽ ይጽፋሉና፣ ትክክለኛውም 900,000 አብሮ ይጠፋል። ውሸት መነሻው ላይ ትንሽና ምክንያት ያለው ይመስላል። መድረሻውን ግን የዋሸው ሰው አይወስነውም።

መኪናዋ ስትፈታ

ታሪኩ በዚህ አላለቀም። ጋራዡ ሥራ ጀምሮ የፊቷን አካል ሲፈታ ሻንሲዋ ተጣሞ ተገኘ። ከላይ ሲታይ የማይታወቅ ነበር። አዲስ ግምት ሲሠራ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚመጣውን መለዋወጫ ጨምሮ ወጪው 1,600,000 ደረሰ። ያ ወጣት ወንድማችን ሲሰማ «አያችሁ! መካኒኩ ያለው እንኳ አንሶ ነበር» አለ።

ቁጥሩስ እውነት ነው፣ ቀርቧል። ነገር ግን ያላየውን ነገር የመሰከረ ሰው፣ ነገሩ በኋላ እንዳለው ሆኖ ቢገኝም፣ ሲመሰክር ሐሰተኛ ምስክር ነበር። ይህን ፊቅህ የተማረ ደረሳ ሁሉ ያውቀዋል። በተግባርም አየነው። ሻንሲው መጣሙን ስንናገር መርማሪው በሦስት ቀን ውስጥ መጥቶ አየ፣ ለካ፣ አመነ። ያመነን እስከዚያ ድረስ ያቀረብነው ወረቀት ሁሉ ትክክል ሆኖ ስላገኘው ነው። በመጀመሪያ በውሸት ቁጥር ገብተን ቢሆን ሁለተኛውን ቁጥር ማን ይሰማን ነበር?

ድርጅቱ በዚህ ዋጋ ማስጠገን አያዋጣም ብሎ መኪናዋን «ቶታል ሎስ» አደረጋት። ያኔ ሌላ ክርክር መጣ። ለጠፋ ንብረት የሚከፈለው ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር በቀጥታ አይደለም። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 መሠረት የንብረት መድን የካሳ ውል ነው፤ ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ሰው በመድን እንዲያተርፍ አይፈቀድም ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኛም የሚጥም ሐሳብ ነው። የድርጅቱ ገማች «በአደጋው ቀን ዋጋዋ 1,700,000 ነበር» አለ። እኛ አልጮህንም። ባሕር ዳር ካሉ መኪና ሻጮች የዚያው ሞዴልና ዘመን መኪና ዋጋ በጽሑፍ ከሦስት ቦታ አመጣን። ከፍተኛውን መርጠን ዝቅተኛውን አልደበቅንም፣ ሦስቱንም አቀረብን። በ1,900,000 ተስማማን። 5 በመቶ ኤክሰስ፣ ማለትም 95,000 ብር ተቀንሶ 1,805,000 ብር ተከፈለን። ስብርባሪዋን ድርጅቱ ወሰደ።

ከመፈረማችን በፊት የካሳ መቀበያውን ቅጽ ቃል በቃል አነበብነው። «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ሌላ ምንም ጥያቄ የለንም» ይላል። የሾፌራችንና የሁለቱ ተሳፋሪዎች የአካል ጉዳት ጥያቄ ገና በአይሱዙው ሦስተኛ ወገን በኩል እየታየ ስለነበር፣ «ይህ ስምምነት የመኪናዋን ጉዳት ብቻ ይመለከታል» የሚል እንዲጨመር ጠየቅን። ጨመሩልን። ያልጠየቀ ሰው አይጨመርለትም።

ገንዘቡ የገባው በሰኔ 2017 ነው። በሰባት ወር ውስጥ ዋጋው ጨምሮ ተመሳሳይ መኪና 2,150,000 ጠየቁን። የጎደለውን 345,000 ጀመዓው በሁለት ጁሙዓ ሞላው። የት እንደገባ፣ ስንት እንደተቀነሰ፣ ለምን እንደተቀነሰ እያንዳንዱን ወረቀት መስጂዱ ግድግዳ ላይ ለጥፈን ስለነበር «የቀድሞው የት ገባ?» ያለን ሰው የለም።

ውሉ ራሱስ?

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ፣ ውሉ ራሱ ገረር አለበት ወደሚለው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1836 እ.ኤ.አ. ያረፉት የደማስቆው ፈቂህ ኢብን ዓቢዲን በዘመናቸው ነጋዴዎች ለመርከብ ጭነት ስለሚገቡት ዋስትና ጽፈዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ ቋሚ አረቦን ያለው የንግድ መድን ውሉን የሚያፈርስ ትልቅ ገረር አለበት ብሎ፣ በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን ኅብረት ሥራ መድን አማራጭ አድርጎ አቅርቧል። እንደ ሶሪያዊው ሊቅ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ደግሞ የንግድ መድንን በመሠረቱ የሚፈቅዱ ነበሩ።

ጎረቤታችን ሱዳን በ1979 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ኢስላማዊ የመድን ኩባንያ አቋቁማለች። በእኛም አገር ብሔራዊ ባንክ የታካፉል መመሪያ አውጥቶ ሥራው በመስኮት ደረጃ ተጀምሯል። ታካፉል ለፎገራ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እድርን አስቡት። ሁሉም ያዋጣል፣ የደረሰበት ይረዳል፣ ሣጥኑ የሁሉም ነው። ኩባንያው ሣጥኑን በክፍያ የሚያስተዳድር ወኪል ነው። የእኛ ውል ሲገባ ታካፉል በቅርባችን አልነበረም፤ ኢማማችን ኡለማዎችን ጠይቀው፣ የጀመዓ አማና ያለ ጠባቂ እንዳይቀር ብለው ነው የገቡበት። ዛሬ አማራጩ ባለበት ከተማ ያላችሁ ግን ጠይቁ፣ አወዳድሩ።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዑለማዎች በውሉ ላይ ይለያያሉ። በማታለል ላይ ግን አንድም የተለያየ የለም። የንግድ መድንን የከለከለውም የፈቀደውም ሊቅ ሐሰተኛ ፕሮፎርማን አልፈቀደም። ደግሞም ያ «የኩባንያ ገንዘብ» የምንለው ከየት መጣ? የባጃጅ ነጂውና የአይሱዙ ባለቤቱ በየዓመቱ የከፈሉት አረቦን ነው። አንዱ በውሸት ሲያወጣ የሌላው አረቦን ይጨምራል፣ የሌላው እውነተኛ ጥያቄም በጥርጣሬ ይመረመራል። በሚዛን ያጭበረበሩ ሰዎች ላይ አንድ ሙሉ ሱራ ወርዷል። የሩዝ ጆንያ ሚዛን ላይ የምንጠነቀቅ ሰዎች በወረቀት ሚዛን ላይ ለምን እንቀላለን?

መኪና ለያዛችሁ ሁሉ

ከዚህ ሁሉ የምንላችሁ በአጭሩ ይህ ነው፦

1. ውላችሁን ዛሬ አውጡና የዋስትናውን መጠን ከዛሬ የገበያ ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ካነሰ አስቀይሩ፣ ማሻሻያውን በማኅተም ተቀበሉ፣ ቅጂውን አስቀምጡ።

2. አገልግሎቱን በትክክል አስመዝግቡ። የቤት መኪና ብላችሁ ተሳፋሪ የምትጭኑ ከሆነ በአደጋ ቀን ውሉ አያውቃችሁም። ጦርነትና ሁከት ያደረሰው ጉዳት በተለመደው ውል ውስጥ እንደማይካተት፣ ለብቻው የሚገዛ ዋስትና እንዳለውም እወቁ።

3. በአደጋ ቦታ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ቀጥሎ ትራፊክ። ፕላን ሳይነሳ መኪና አይንቀሳቀስ።

4. በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ።

5. ዕርቅ አውርዱ፤ መብት የሚያስቀር ወረቀት ግን ድርጅቱ ሳያውቅ አትፈርሙ።

6. የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በወረቀት መልሱ። አልሆነ ሲል የመድን ድርጅቶች ተቆጣጣሪ ብሔራዊ ባንክ ነው፣ ፍርድ ቤትም አለ። የሁለት ዓመት ይርጋ መኖሩን ግን አትርሱ።

7. ቁጥር አትጨምሩ። ሐቃችሁን አንድ ብር ሳትተዉ ጠይቁ፣ ከሐቃችሁ በላይ አንድ ብር አትንኩ።

ወጣቶች፣ «ዋሽቶ ያገኘ ብልህ፣ እውነት ተናግሮ የተጉላላ የዋህ» የሚል አነጋገር በየጋራዡና በየሻይ ቤቱ ትሰማላችሁ። የዋህነት እውነት መናገር አይደለም፤ እውነትን ያለ ወረቀት ይዞ መሄድ ነው። እውነቱንም ወረቀቱንም ይዛችሁ ሂዱ።

አላህ የሐላል ሪዝቃችንን ይባርክልን፣ በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን። አሚን።

ለባለ መኪናና ለሾፌር ወንድሞቻችሁ አድርሱት።